ለሻዌ ያልነገርኳት እሁድ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ቦንጋ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜያለሁ። ከተማው ዛሬ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል፤ ባጃጁ በዝቷል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሄዳል። ጭቃው ግን ያው የጥንቱ ጭቃ ነው፤ ከተራራው ወርዶ ያገኘውን ጫማ ሁሉ ያለብሳል። ከዋጫ የመጣ ሚኒባስ ሰው ሲያራግፍ አያለሁ። መጨረሻ ላይ ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት በሰው ድጋፍ ወረዱና ከዝናቡ ሊጠለሉ ወደ በረንዳው መጡ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። እኔ አላወቅኋቸውም። ለሻይ ቤቱ ባለቤት «ስኳር አታብዢበት» ስል ግን አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተክለው ዞሩ።

«ይሄ ድምፅ የስልክ ቤቱ የደምሴ አይደለም?» አሉ።

«ነኝ። እርስዎን ግን አላወቅሁም።»

«ዘነበች ነኝ፤ የእናትህ ጎረቤት የነበርኩት። አበልጄ፣ ረሳኸኝ እንዴ?»

አበልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ አልነበረም። እትዬ ዘነበች የልጄ የክርስትና እናት ናቸው። በክርስትናው ሳምንት ባላቸው ዋጫ ተቀይረው ሲሄዱ አብረው ሄደው እዚያው ቀርተዋል፤ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው። እሳቸውም ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው «አርጅተሃል» አሉኝ። ለዓይናቸው ሕክምና እንደመጡ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት እንዳረፉ፣ ቀጠሯቸውም ሰኞ እንደሆነ ነገሩኝ። ቀጥለው «ልጄስ? ወለተ ሐናስ?» ሲሉ ግራ ቀኜን አየሁ። በረንዳው ላይ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም።

«ደህና ናት» አልኳቸው።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት እመጣለሁ። ብርሃኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የክርስትና ልጄን አይቼ ልመርቃት። ለሸዋዬም ንገርልኝ።»

አይምጡ እንዴት ይባላል? «ቤት ለእንግዳ ነው» አልኩ። ሻዬን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። እሳቸው በባጃጅ ሲሄዱ እኔ በዝናብ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ገበያው ጋ ስደርስ ለምን እንደወጣሁ ጠፋኝና ተመለስኩ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እስከ እሁድ አራት ቀን አለኝ። ባለቤቴ ሻዌ፣ ወለተ ሐና የምትባል ሰው መኖሯን አታውቅም። ልጃችን ለእሷ ምሕረት ናት፤ ምሕረት ብቻ።

እኔና ሻዌ የተዋወቅነው በስልክ ሽቦ ነው ብል ማጋነን አይደለም። በዚያን ዘመን ቦንጋ ውስጥ ስልክ ያለው ቢሮና ጥቂት ነጋዴ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ስልክ ቤት መጥቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ሆኜ ገመዱን እየነቀልኩ እየሰካሁ «ጅማ፣ ጅማ፣ ቦንጋ ነኝ» ስል እውላለሁ። የለቅሶ መርዶ፣ የቡና ዋጋ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ሁሉም በእጄ ነው የሚያልፈው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከተማው ሁሉ ድምፄን ያውቅ ነበር። ሱሪዬ ከታች እንደ ደወል የተንቦረቀቀ፣ ሸሚዜ ቴትሮን፣ ጠጉሬ አፍሮ ነበር። ማበጠሪያዬን ኋላ ኪሴ ላይ ሰክቼ ነበር የምሄደው፤ ዛሬ ይሄን ስነግራት የልጄ ልጅ አታምነኝም። ሻዌ የጌሻ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ደካ አጠገብ ነው ያሉት። ቦንጋ ተምራ እዚሁ አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ለሚማረው ወንድሟ ልትደውል ትመጣለች። ጉርድ ቀሚሷ ባለ ካሬ፣ ሸራ ጫማዋ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ በዚያ ጭቃ እንዴት ነጭ እንደሚሆን ዛሬም አልገባኝም። የምትከፍለው የሦስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ስድስትም ሰባትም ደቂቃ አስወራታለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ ወደ መስኮቱ መጣችና «ሦስት ደቂቃ በእናንተ ቤት ስንት ነው?» አለችኝ። «እንደ ሰዉ ነው» አልኳት። ሳትስቅ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሳቀች።

እናቴ ስትሰማ አልሳቀችም። የእናቴ አባት ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር ጸሐፊ ሆኖ መጥቶ ነው እዚህ የቀረው። እሷ የተወለደችው ቦንጋ፣ ያደገችው ቦንጋ፣ ሆኖም አገሬ የምትለው አይታው የማታውቀውን አገር ነበር። የሻዌ ካፋ መሆን አንድ ነገር፣ ጴንጤ መሆኗ ሌላ ነገር ሆነባት። ስሟን ስነግራት «ሻዌ የሚባል ስም የለም፤ ሸዋዬ ለማለት ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቴን ሸዋዬ አለቻት። ሻዌ አባቷ ያወጡላትን ስም ትወደዋለች፤ ግን አማቷ ናትና አልተከራከረቻትም። እናቴ ስትጠራት ትንሽ ቆይታ ነበር አቤት የምትለው፤ ከጎኗ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ የምታይ ትመስል ነበር።

እኔ በቁርባን ላግባት አልቻልኩም፤ የእነሱ ጸሎት ቤት ደግሞ በሩ የታሸገበት ዘመን ነበርና ከሰው ጓሮ በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ፈረምን። የለበስኩት ኮት የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ እጅጌው አጥሮኝ ፎቶ ስንነሳ እጄን ወደ ኋላ ሸሸግሁ። ሚሪንዳ ጠጣን፤ አንድ ጓደኛችን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ አምጥቶ አስጨፈረን። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሻዌ ክንዴን ያዘችና «አንድ ነገር ቃል ግባልኝ» አለች።

«ምን?»

«ልጅ ስንወልድ አንተም ወደ አንተ፣ እኔም ወደ እኔ አንጎትተው። ሲያድግ ራሱ ይምረጥ።»

«ቃሌ ነው» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ብትጠይቀኝም ቃሌ ነው እል ነበር።

ምሕረት በክረምት መግቢያ ተወለደች። ከእሷ ሌላ ልጅ አልሰጠንም። የምንኖረው እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር። የሻዌ የወሊድ ፈቃድ አልቆ ሥራ ስትገባ ልጅቷን ቀን ቀን የምትይዘው እናቴ ሆነች። የልጅ ልጇን ትወዳታለች፤ ከምራቷ እጅ ግን አትበላም። የራሷ ሳህን፣ የራሷ ኩባያ አላት። ሻዌ ቆጮ ጋግራ፣ ጎመን ሠርታ ስትጠራት «ጾም ነኝ» ትላለች፤ በፍስክ ቀን «ጠግቤያለሁ» ትላለች። እኔ ሁለት ቤት እበላ ነበር። እዚያ ትንሽ፣ እዚህ ትንሽ፤ ሆዴ ሞልቶ አያውቅም፤ ባዶም ሆኖ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ከእኛ ግቢ ታች ካለው ቤት አንድ ሕፃን ሞተ፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ። እናቴ አንድ ምሽት ስልክ ቤት ድረስ መጣች፤ መጥታ አታውቅም። ከአግዳሚው ላይ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ልጅቷ እሁድ ሰማንያ ቀኗ ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ለሻዌ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃልህን ጠብቅ። ልጅቷ ስሟ ሳይጠራ ብትሞት ግን ቃልህን ይዘህ የት እንደምትቀብራት አስብ።»

እውነቱን ልናገርና የሠራሁት እናቴን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የነዚያን የሁለቱን ሕፃናት ቀብር አይቻለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። እሁድ ጠዋት አስተማሪዎች ሁሉ ለስብሰባ ተጠርተዋል፤ ያኔ ስብሰባ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም። ሻዌ ልጅቷን አጥብታ፣ የላም ወተት በጡጦ አስቀምጣ፣ «በአራት ሰዓት ስጧት» ብላ ወጣች። ጥላዋ ከመታጠፊያው እንዳለፈ እናቴ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከሳጥን አወጣች። ትንሽ ቀሚስ ነበር፤ መቼ እንዳሰፋችው አላውቅም። እትዬ ዘነበች በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ካህኑ ስለ ልጅቷ እናት ሲጠይቁ እናቴ «አሟታል» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ልጅቷ ተጠመቀች፣ ወለተ ሐና ተባለች፣ ቆረበች። ስንመለስ እናቴ ማተቡን ከአንገቷ ፈትታ መሀረብ ውስጥ ቋጠረችው። ሻዌ ከስብሰባ እንደገባች ልጅቷን ወስዳ አናቷን አሸተተችና «ምን ቀባችኋት?» አለች። እናቴ «ቅቤ ነው» አለች። ሜሮኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሻዌ ደጋግማ ስትናገር ሰምቼዋለሁና በቃሌ አውቀዋለሁ። እሷ በአማቷ ነገር ልቧ ደክሞ ሰኞ ጾም ጀመረች። ሰኞ እስከ ማታ፣ ማክሰኞ እስከ ማታ፣ ረቡዕ እስከ ማታ። እያጠባች። ረቡዕ ማታ ጾሟን ልትፈታ ቆጮና ጎመን አቅርባ ስትቀመጥ እናቴ በሩን ከፍታ ገባች። ሳትጠራ ነው የመጣችው። ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ቆረሰች፣ በላች። ከዚያ «ሻዌ፣ ጎመኑ ጨው አንሶታል» አለች። ሻዌ አለቻት፤ ሸዋዬ አላለቻትም። ሚስቴ ጨው ልታመጣ ተነሥታ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ እኔ ሰማሁ። እኔ ብቻ ነኝ እናቴ ለምን እንደመጣች ያወቅሁት። ልጅቷ የእሷ ሆናለች፤ ከእንግዲህ በምን ትጣላለች?

ያን ማታ ብነግራት ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ እናቴና ሚስቴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈለቅቁ አገኘኋቸው። በዓመቱም እንዲሁ፣ በአሥር ዓመቱም እንዲሁ። የጸሎት ቤታቸው በር ሲከፈት ሻዌ የመጀመሪያውን ምስክርነት የሰጠችው ስለዚያ ረቡዕ ነው። ከዚያ በኋላ በሴቶች ጉባኤ፣ በሙሽሮች ምክር ላይ፣ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ትናገረዋለች። «ሦስት ቀን ጾምኩ፤ በሦስተኛው ቀን አማቴ በስሜ ጠራችኝ» ትላለች። እኔ ያን ጊዜ ወይ እንጨት ልፈልጥ እወጣለሁ፣ ወይ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እናቴ ስትታመም አራት ወር አጥባ፣ አጉርሳ፣ ገልብጣ ያስታመመቻት ሻዌ ናት። እናቴ ሳትነግራት ሞተች። ምሕረት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ወንዝ ወርዳ በእናቷ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች፤ ሻዌ «ቃልህን ጠበቅክልኝ፤ ራሷ መረጠች» ብላ እጄን ሳመችው። እጄን ከዚያ በኋላ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ተሸክሜ ነው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቦንጋን ላይ ታች ያልኳት። የድሮው ስልክ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የሞባይል ካርድና የጫማ መሸጫ ሱቆች አሉ። በመስኮቴ በኩል የነበረው ግንብ ላይ ነጠላ ጫማ ተሰቅሏል። ለሻዌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር እየፈለግሁ እዚያ ቆምኩ፤ ባለሱቁ «ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት አባት?» አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ከማክሰኞ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ መጀመሪያው ነው የነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ባቄላውን መልቀም ቀጠለች። ስጨርስ «ስብሰባ የነበረ ዕለት ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ከዚያ ረቡዕ በፊት?»

«በፊት ነው።»

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ አርብ ጠዋት ስነሣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማለች። «እህቴ ጋ ደካ እሄዳለሁ» አለች። «ለምን ያህል ጊዜ?» ስላት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። በሰባ ዓመቷ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች። ስልክ ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ሁሉ መስመር ያገናኘሁ ሰው ነኝ።

እሁድ እትዬ ዘነበች እንዳሉት መጡ። ምሕረት እናቷ መሄዷን ሰምታ ገና በሩን እየገባች ነበር። ልጄ አርባዎቹን ካጋመሰች ቆየች፤ እንደ እናቷ አስተማሪ ናት። እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳበሱ፤ «ወለተ ሐና፣ እደጊ ብዬሽ ነበር፤ አድገሻል» አሉና መረቋት። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ነገር አወጡ። ያ ትንሽ ቀሚስ ነበር፤ እናቴ ያኔ ለእሳቸው አደራ ሰጥታቸው ኖሯል። ምሕረት ቀሚሱን ይዛ እኔን አየችኝ። አማራጭ አልነበረኝም፤ ለሁለቱም በአንድነት ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«እናትህ ‘እናቷ ፈቅዳለች፣ ሥራ ይዟት ነው’ ነው ያለችኝ። ለካህኑ አሟታል ስትል ምን ይሆን ብዬ ነበር» አሉ። «እኔ እኮ ሸዋዬ እያወቀች መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

«ስሟ ሻዌ ነው» አለቻቸው ምሕረት ቀስ ብላ።

እሳቸውን ባጃጅ አሳፍረን ስንመለስ ልጄ ቀሚሱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «አባዬ፣ እማዬን ስንት ጊዜ ነው የዋሸሃት?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ ነው፤ የዚያን ዕለት።»

«አይደለም። ምስክርነቷን በሰጠች ቁጥር ነው። እኔ እንኳ የሰማሁትን ብቆጥር አልጨርሰውም።»

ሰኞ ንጋት ላይ የደካ መኪና ያዝኩ። መንገዱ ደኑን ሰንጥቆ እየወጣ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ እየተጣበቀ፣ ሁለት ጊዜ ወርደን እየገፋን ሄድን። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሄድኩት ከጋብቻችን በኋላ ከአባቷ ልተዋወቅ በጭነት መኪና ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ሻዌ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ በየጥቂቱ እየዞረች መኖሬን ታይ ነበር። ደካ እኩለ ቀን አልፎ ደረስኩ። እህቷ አስካለ በቀርከሃው አጥር በር ላይ ተቀበለችኝና «ጋሼ፣ ጓሮ ናት። ምሳ ላቅርብ ወይስ ይቆይ?» አለች። «ይቆይ» አልኳት።

ሻዌ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተቀመጥ አላለችኝም፤ ግንድ ነበረና ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ምን ለብሳ ነበር?» አለች።

«እናቴ ያሰፋችላትን ነጭ ቀሚስ።»

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?»

«ክረምት ነበር።»

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ማን አባበላት?»

«እናቴ።»

«አንተስ?»

«እኔ በሩን አይ ነበር። ትመጫለሽ ብዬ ፈርቼ።»

ከዚያ እኔን ሳታይ ተናገረች። «የዚያን ዕለት ስብሰባው ላይ ተቀምጬ በድንገት ወተቴ ፈሰሰ። ሸሚዜ እስኪርስ። ወንዶች አጠገቤ ነበሩ፤ አፍሬ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ምን ሆና ይሆን አልኩ። ተነሥቼ ልሂድ ብዬ ፈራሁ።» እጇን ጉልበቷ ላይ አጠላለፈች። «ለካ እያለቀሰች ነበር።»

እናቴ ግን እየወደደቻት እንደሞተች፣ ያ እንኳ ውሸት እንዳልነበረ ልነግራት ሞከርኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «አራት ወር ሳጥባቸው ዓይን ለዓይን እንተያይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። አንተም እዚያው ነበርክ። የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። ስንቷን ሙሽራ ነው ‘ሦስት ቀን ጹሚ’ ያልኳት? ጾመው ያልሆነላቸው አሉ። መጥተው ሲነግሩኝ ‘እምነትሽ አንሶ ነው’ ብያቸዋለሁ። አንዷ ትዳሯን ጥላ ሄዳለች። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳት።»

«አንቺ አላወቅሽም።»

«አንተ ግን ታውቅ ነበር። እየሰማህ እንጨት ትፈልጥ ነበር።»

ምሳ ስንበላ ወጡን ወደ እኔ አልገፋችውም፤ አስካለ ናት የገፋችው። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ሻዌ «ሂድ፤ ያመልጥሃል» አለች።

«ትመጫለሽ?»

«ቤቴ ነው። እመጣለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።»

ሦስት ሳምንት ሆነ። ምሕረት ማታ ማታ እየመጣች አብራኝ ትበላለች፤ ስለ እናቷ አናወራም። አንድ ቀን ብቻ «እኔ ሁለት ጊዜ ተጠምቄያለሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔም» አለች። ቀሚሱን ወደ ቤቷ ወሰደችው። እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ቀን ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። አጥር አደስኩ፤ ያደስኩትን ነቅዬ እንደገና አደስኩት። ጎረቤት ስለ ሻዌ ሲጠይቀኝ እህቷ ታማ ነው እላለሁ፤ ካልኩ በኋላ ደግሞ «አሟታል» የሚለው ቃል ከእኛ ቤት እንደማይወጣ ትዝ ይለኛል።

ሻዌ አንድ ቅዳሜ በገበያ መኪና መጣች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ቤቱን ዞራ አየችው፤ ጓዳውን አጸዳች፤ ራት ሠራች። ስንተኛ «ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ገብቼ አላውቅም። እሁድ ካፖርቴን ለብሼ ተከተልኳት። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ወደ ፊት ሄደች። መዝሙሩ ሲያልቅ አገልጋዩ ምስክርነት ያለው ካለ ሲል ሻዌ ተነሣች። ሰዉ ፈገግ አለ፤ ምን እንደምትናገር የሚያውቅ መስሎታል። እኔ ከፊቴ ያለውን ወንበር ያዝኩ።

«ስለ አማቴ የነገርኳችሁ ምስክርነት አለ» አለች። ድምጿ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምርበት ድምፅ ነበር። «ጾሜ ጸልዬ ልባቸው ተመለሰ ብያችሁ ነበር። በቅርቡ ሌላ ምክንያት እንደነበረው ሰማሁ። እግዚአብሔር ጸሎት አይሰማም እያልኩ አይደለም። ያን ጊዜ የሆነውን ግን አላውቅም ነበር፤ የማላውቀውን መሰከርኩ። ጾማችሁ ያልሆነላችሁ፣ እኔም እምነታችሁ አንሶ ነው ያልኳችሁ ሴቶች ይቅር በሉኝ።»

ተቀመጠች። ከመሀል አንዲት ጎልማሳ ሴት ተነሥታ ወጣች፤ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደወጣች እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። አገልጋዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ሌላ መዝሙር አስጀመረ።

ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ጃንጥላውን ዘረጋሁ። ሰዎች እየመጡ እሷን ይስማሉ፤ ለእኔም የእንግዳ ሰላምታ ይሰጡኛል። ከሰዎቹ ስንለይ ብቻችንን ሆንን። በልቤ የነበረውን ጠየቅኋት።

«ስሜን አልጠራሽም» አልኩ።

ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ብጠራህ ኖሮ ‘ይቅር ብለሽዋል ወይ?’ ብለው ይጠይቁኝ ነበር» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የማላውቀውን ነገር ሁለተኛ አልመሰክርም።»

መንገዱን ቀጠለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ ጃንጥላውን በላይዋ ያዝኩ። ያዝልኝ አላለችም። አትያዝልኝም አላለችም።